ቋንቋቸውን ለማዳን ባሕር የተሻገሩ ሰዎች

ሰው ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ቤቱንና መሬቱን፥ ከብቱንና ጐረቤቱን ትቶ ይሄዳል። ቋንቋውን ግን በአፉ ይዞት ይሻገራል፤ ቀማኛም አይወስድበትም፥ ቀራጭም አያስከፍለውም። ዳሩ ግን ይህ በቀላሉ የተሻገረ ሀብት ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ያልቃል። አያት የሚናገረውን ልጁ ይሰማዋል፤ የልጅ ልጁ ግን ጥቂት ቃላትና የምግብ ስም ብቻ ይቀሩታል። ይህ ስለ ምን እንደሚሆንና መድኃኒቱስ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፥ ቋንቋችን ይጠፋብናል ብለው እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የተሰደዱትን የዌልስ ሰዎች ታሪክ ቢመለከት ብዙ ይማራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዌልስ በታላቋ ብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ ያለች ተራራማ አገር ናት። ሕዝቧም ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ ጥንታዊ ቋንቋ አለው። በ1847 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ዌልስ ትምህርት ቤቶች እንዲመረምሩ የላካቸው ሦስት ሰዎች ባወጡት ራፖር፥ ሕዝቡን ወደ ኋላ ያስቀረው ቋንቋው ነው ብለው ጻፉ። በዚያ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልስኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ በአንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁም በበኩሉ ሌላ ጓደኛው ሲናገር ሲሰማ እንጨቱን ለእርሱ ያሳልፍለታል፤ በቀኑ መጨረሻ እንጨቱ በአንገቱ ላይ የተገኘው ልጅ ይቀጣል። ልጅን በገዛ እናቱ ቋንቋ እንዲያፍር ለማድረግ ከዚህ የባሰ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል።

በባላ ከተማ የመንፈሳዊ ኮሌጅ አለቃ የነበረው ሚካኤል ጆንስ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄዶ በኦሃዮ የሰፈሩትን ወገኖቹን አይቶ ነበር። በዚያም የስደተኞቹ ልጆች ቶሎ ብለው እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንደሚሆኑና የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንደሚተዉ ተመለከተ። ስለዚህ ስደተኛው በብዙ ሕዝብ መካከል ተበትኖ ቢኖር ቋንቋው እንደማይሰነብት ተረድቶ፥ ዌልስኛ የጸሎት ብቻ ሳይሆን የገበያም፥ የሸንጎም፥ የትምህርት ቤትም ቋንቋ የሚሆንበት ቦታ መፈለግ አለብን አለ። የተመረጠውም ቦታ በአርጀንቲና ደቡብ የሚገኘው ፓታጎኒያ ነበር።

በ1865 በሜይ ወር ሚሞሳ የምትባል መርከብ 150 ያህል ሰዎች አሳፍራ ከሊቨርፑል ወደብ ተነሣች። በባሕር ላይ ሁለት ወር ቈይተው በጁላይ 28 ቀን ዛሬ ፑዌርቶ ማድሪን በምትባለው ከተማ ስፍራ ወረዱ። ከመካከላቸው እውነተኛ ገበሬ የነበረው ጥቂቱ ሲሆን፥ የሚበዙት የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎችና የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። በወረዱበት ዳርቻ የሚጠጣ ውሃ ስለ ታጣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ወደ ቹቡት ወንዝ ሸለቆ ገቡ። በዚያም ዝናም እንደ አገራቸው አልሆነላቸውም፤ የዘሩትም ደረቀባቸው። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ቴዌልቼ የሚባሉ ሰዎች አደን ባያስተምሯቸውና ሥጋ በዳቦ እየለወጡ ባይረዷቸው ኖሮ ባለቁ ነበር። በኋላ በ1867 አሮን ጀንኪንስ የተባለ ሰው ከሚስቱ ከራሔል ጋር ተማክሮ ከወንዙ ትንሽ ቦይ በመቅደድ እርሻውን ቢያጠጣ ስንዴው አማረለት። ከዚያ ወዲህ ሸለቆው ሁሉ በመስኖ ቦይ ተከፋፍሎ አረንጓዴ ሆነ።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። ቦዩ የተቈፈረው በዌልስኛ እየተነጋገሩ ነው። የውሃው ተራ የተደለደለው፥ ክርክሩ የተዳኘው፥ ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በዌልስኛ ነው። በ1878 በርዊን የተባለው መምህር ለልጆቹ የንባብ መጽሐፍ በዌልስኛ አሳተመላቸው። በ1885 ገበሬዎቹ ስንዴያቸውን የሚሸጥላቸውና ዕቃ የሚያመጣላቸው የኅብረት ንግድ ማኅበር አቋቋሙ፤ የሒሳቡም መዝገብ በዚያው ቋንቋ ይያዝ ነበር። በ1891 ሉዊስ ጆንስ «ኧ ድራቮድ» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ። ሴት ልጁ ኤሊኔድ ሞርጋን ደግሞ በ1870 ወላጆቿ ወደ ፓታጎኒያ ሲጓዙ በመርከብ ላይ የተወለደች ናት፤ አድጋም በዌልስኛ የታወቀች ደራሲ ሆነች፥ ለአባቷም ጋዜጣ ሠራች። የዌልስን ምድር ሳታይ ተወልዳ በቋንቋው ለመድረስ የበቃችው ቋንቋው በዙሪያዋ ሁሉ ሥራ ስለ ነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1884 የአርጀንቲና መንግሥት ቹቡትን ራሱን የቻለ ግዛት አድርጎ አገረ ገዥ ሾመበት። በመቶው ዓመት መጨረሻም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ቋንቋ የእስፓኝ ቋንቋ ሆነ። በ1899 ታላቅ ጐርፍ ወርዶ ቤቱንና እርሻውን ጠረገው፤ በ1902 ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ተስፋ ቈርጠው ወደ ካናዳ ተሰደዱ። ከዌልስ በብዛት የመጣው የመጨረሻው ስደተኛ በ1911 የገባው ነበር። ከእስፓኝ፥ ከኢጣሊያና ከሌላም አገር የመጣው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። በመጨረሻም በ1930ዎቹ ዓመታት የዓለም ንግድ ሲወድቅ የኅብረት ንግድ ማኅበሩ አብሮ ወደቀ። ቋንቋው በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተከለከለም፤ በጸሎት ቤትና በማጀት ይነገር ነበር። ነገር ግን እንጀራ የሚገኝበት፥ ዳኛ ፊት የሚቀረብበት፥ ልጅ ፈተና የሚያልፍበት መሆኑ ቀረ።

በቤት ውስጥ የሚሆነውንም ነገር መገመት አያስቸግርም፤ በስደተኛ ቤት ሁሉ የሚደርስ ነውና። የበኵር ልጅ በእናቱ ቋንቋ አፉን ይፈታል። ትምህርት ቤት ሲገባ የአገሩን ቋንቋ ለምዶ ይመለሳል፤ ከጓደኞቹ እንዳይለይም በእርሱ መናገርን ይመርጣል። ታናናሾቹም ከእናታቸው ይልቅ የሚሰሙት እርሱን ነው። ከዚያ በኋላ እናት በራሷ ቋንቋ ትጠይቃለች፥ ልጆች በሌላው ይመልሳሉ፤ ሁሉም ስለሚግባቡ ማንም ነገሬ አይለውም። እነዚህ ልጆች አድገው የራሳቸውን ልጆች ሲወልዱ፥ የሚሰሙትን ነገር ግን ያልተናገሩትን ቋንቋ ለማስተማር አፋቸው እሺ አይላቸውም። ስለ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ የጻፈው አሜሪካዊው ሊቅ ጆሹዋ ፊሽማን በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከቤትና ከሰፈር ወደ ልጅ የማይተላለፍ ቋንቋ በትምህርት ቤትና በራዲዮ ብቻ ሊድን እንደማይችል አስረድቷል።

የሆነ ሆኖ የፓታጎኒያ ዌልስኛ አልሞተም። በ1965 የመርከቢቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር ከዌልስ እንግዶች መጡ፤ የቅኔና የዜማ ውድድራቸው በዓልም አዲስ ሕይወት አገኘ። ከ1997 ጀምሮ ቋንቋውን የሚያስተምሩ ሰዎች በመንግሥት ርዳታ ከዌልስ ይላካሉ። በትሬሌው ከተማ በ2006፥ በትሬቬሊን ከተማ ደግሞ በ2016 ልጆች በሁለቱም ቋንቋዎች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ጋዜጣውም እስከ ዛሬ ይታተማል። ቋንቋውን የሚናገሩት ጥቂት ሺሕ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ዛሬ ዌልስኛ የሚያውቅ ወጣት በዚያ አገር አስተማሪ፥ አስጐብኚ ወይም ዘፋኝ ሊሆን ይችላል። ይህም ማለት ቋንቋው በመጠኑም ቢሆን እንደ ገና ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዛሬ ከአንባብያን መካከል በዋሽንግተን፥ በአውሮጳ ወይም በዐረብ አገር ልጅ፥ እኅት ወይም የልጅ ልጅ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ ከሚተረጕሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን የተተረጐመውን ወረቀት የሚያነቡት ወላጆች እንጂ ልጆች ስለ መሆናቸው ማሰብ ይገባል።

ደግሞም አማርኛ በአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚማሩት ቋንቋ አይደለም። እናቱ «ና፥ ብላ» ስትለው ብቻ የሰማ ወንድ ልጅ፥ እርሷንም መልሶ «ነይ፥ ብይ» በማለት ፈንታ «ና፥ ብላ» ቢላት አይፈረድበትም። አያቱ በስልክ ሲያነጋግሩት «አንተ ደኅና ነህ?» ቢላቸው ባለጌ ሆኖ አይደለም። እናቱ ለሽማግሌ ተነሥታ «ደኅና ነዎት? ይቀመጡ» ስትል ካላየ «እርስዎ» የሚባለውን ቃል ከየት ያገኘዋል? አንተን፥ አንቺንና እርስዎን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ፥ ወንድና ሴት፥ ታላቅና ታናሽ፥ ዘመድና እንግዳ በአንድነት ሲነጋገሩ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ስለዚህ ፊደል ገበታ ገዝቶ በግድግዳ ላይ መስቀል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጁን ይዞ ጐረቤት መጠየቅ፥ በዓል በአንድነት ማሳለፍ፥ ከአያት ጋር በየሳምንቱ ማነጋገር ከእርሱ ይበልጣል።

ክረምት ሲገባ ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆችን በየቤታችን እንቀበላለን። አንዳንዶቻችን አማርኛቸው ሲሰናከል እንስቃለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ እንግሊዝኛችንን ልናሳያቸው እንቸኩላለን። መሳቁ በልጁ አንገት ላይ የማይታይ እንጨት ማንጠልጠል ነው። በእንግሊዝኛ መቅደሙም ቋንቋው እዚህም ሥራ የለውም ብሎ መንገር ነው። ከሁለቱ ይልቅ ልጁን ወደ ሱቅ ልከን ስኳር ያምጣ፤ ቡና ሲፈላ ጐረቤት እንዲጠራ እናድርገው፤ አያቱ ስለ ልጅነታቸው ሲያወጉት ታግሠን እንተዋቸው። የዌልስ ሰዎች ቋንቋቸውን በበረሃ ያቈዩት ቦይ ስለ ቈፈሩበት ነው። ልጆቻችንም በአማርኛ የሚሠሩት ጥቂት ሥራ ቢኖራቸው ቋንቋው ከእነርሱ ጋር ይሰነብታል።