መንገዱ ጠቦ ነው ወይስ ኬላ ተጥሎበት?

በጅማ በየማደሪያ ክፍሉና ተማሪዎች ተሰባስበው በተከራዩት ቤት ሁሉ እንደ ኢንተርኔት የሚታማ ነገር ያለ አይመስለንም። አንዱ «ተጎተተ» ይላል፤ ሌላው «ሆን ብለው አንቀው ይዘውታል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የሀገሩ ነገር ነው» ብሎ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ይተኛል። ሐሜቱ ከቆጪ እስከ ጊንጆ፥ ከኪቶ ፉርዲሳ እስከ አጋሮና እስከ ሊሙ ገነት አንድ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ «ዘገየ» ማለትና «አዘገዩት» ማለት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው። የመጀመሪያው ገመድ በመዘርጋት የሚፈታ የሥራ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ግን የመብት ጉዳይ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከመክሰሳችን በፊት ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ይገባናል። ለአንባቢ እንዲመች ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሒሳቡ እንነሣ

ኢንተርኔት ሻጮች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒዩተራችን ግን የፋይልን መጠን የሚያሳየን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና፥ «በሴኮንድ 4 ሜጋቢት» የተባለ መሥመር ቢበዛ የሚያወርደው በሴኮንድ ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ 600 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ አንዳች እንቅፋት ሳይገጥመው ቢወርድ እንኳ 1,200 ሴኮንድ፥ ይኸውም 20 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ቤት የሚኖሩ አምስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ይህንኑ የሚያህል ፋይል በአንድ ጊዜ ቢጀምሩ ሥራው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ማካፈል እንጂ ማነቅ አይደለም።

በውሉም ላይ «እስከ» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል አለች። «እስከ 4 ሜጋቢት» ማለት ከዚያ አይበልጥም ማለት ነው እንጂ ከዚያ አያንስም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ቃሏን ይዘላታል።

ከዚህ ሌላ መሥመሩ ሁለት አቅጣጫ አለው። በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው አገልግሎት ገና ሲፈጠር ለማውረድ እንጂ ለመላክ አልተሰናዳም፤ የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 8 ሜጋቢት ሲያወርድ የሚልከው ግን 1 ሜጋቢት ገደማ ነበር። ቤታችን ከስልክ ማዕከሉ በራቀ መጠን ደግሞ በመዳብ ሽቦው ላይ ያለው ምልክት እየደከመ ይሄዳል፤ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አገልግሎቱ ከናካቴው እስከ መጥፋት ይደርሳል። ፋይበር የተባለው የብርሃን ገመድ ከዚህ ሕመም የዳነ ነው።

ቡናው የሚሄድበት መንገድ

ከጎማ ወይም ከጌራ የተለቀመ ቡና ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ ጅማን ያያል፥ አዲስ አበባን ያያል፥ ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ይሳፈራል። እኛ የምናወርደው ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ መንገድ ይዞ ወደ ኋላ የሚመጣ መንገደኛ ነው። ሀገራችን የባሕር በር ስለሌላት በባሕር ሥር ከተዘረጉት የብርሃን ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ ከእነዚህም ዋነኞቹ ጅቡቲና ኬንያ ናቸው። ከጠረፍ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ከጅማ ደግሞ አጋሮ፥ እያለ መሥመሩ እየቀጠነ ይመጣል። መንገድ ሲሠራ ወይም ቤት ሲታነጽ አንድ ገመድ ቢቆረጥ፥ ወይም የአንድ ማማ መብራት ቢጠፋ፥ ከዚያ በታች ያለው ከተማ ሁሉ ይቸገራል።

በዚህ ላይ ሻጩ የመንገዱን ስፋት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው ቆርጦ አይሰጥም። ሁሉም በአንድ ሰዓት አይጠቀምም ብሎ አንዱን ስፋት ለብዙ ደንበኞች ይሸጣል። ይህ አሠራር በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሒሳቡ የሚበላሸው ግን ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት፥ ከተማው ሁሉ ከሥራና ከትምህርት ተመልሶ በአንድነት ሲገባ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ አንዳንድ እሽጎች ይወድቃሉ፤ ፋይሉን የሚልከው ኮምፒዩተርም እሽጉ መድረሱን የሚነግረው መልስ ሲያጣ በገዛ እጁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰርቨሩ በሩቅ አህጉር ሲሆን መልሱ ለመመላለስ ጊዜ ይፈጃልና፥ መልሶ ለመፍጠንም እንዲሁ ይዘገያል። እንግዲህ ማንም ሰው እጁን ሳያስገባበት ኢንተርኔት በብዙ ምክንያት ሊጎተት ይችላል ማለት ነው።

ኬላው ምን ይመስላል?

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የጅማ መንግሥት በድንበሩ ላይ ኬላዎች ነበሩት፤ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ የሚፈተሸውና የሚቀረጠው በዚያ ነበር። መንገዱ ምንም ሰፊ ቢሆን ኬላ ጠባቂው ካልፈቀደ በቅሎ አታልፍም። የኢንተርኔት ፍጥነትን ሆን ብሎ መገደብም እንዲሁ ነው። በሻጩ ማዕከል የተተከለ መሣሪያ የሚያልፈውን እሽግ እያየ «ይህ ቪዲዮ ነው፥ ይህ የፋይል ልውውጥ ነው፥ ይህ ደብዳቤ ነው» እያለ ይለያል። አንዳንዱ የጆንያውን ታፔላ ብቻ ያነባል፤ አንዳንዱ ግን ጆንያውን ፈትቶ ፍሬውን ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ለአንዱ ዓይነት «በሴኮንድ ይህን ያህል ብቻ እለፍ» ይለዋል፤ የቀረው ተሰልፎ ይጠብቃል ወይም ይጣላል።

የፋይል ልውውጥ ከሁሉ ይልቅ በኬላ ጠባቂ ዓይን የገባበት ምክንያት አለው። ብራም ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት የሚሠራው በደቦ ነው። አንዱን ትልቅ ፋይል ብዙ ሰዎች ቆራርሰው ይይዙታል፤ እያንዳንዱ የጎደለውን ከሌላው እየተቀበለ ያለውን ደግሞ ለሌላው ይሰጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ ነው። የአንድ ሰርቨር ሸክም ለብዙዎች ስለሚከፋፈል፥ ደቦው በሰፋ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን አንድ ደቦኛ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ይከፍታል፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ይልካል። ሻጮቹ መሥመሩን የሠሩት ደንበኛው እንዲቀበል እንጂ እንዲሰጥ አልነበረምና፥ ነገሩ ራስ ምታት ሆነባቸው።

በአሜሪካ የሆነውን እንይ። ኮምካስት የተባለው ታላቅ የኬብል ኩባንያ በ2007 በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል እየገባ፥ አንዱ ለሌላው የላከው አስመስሎ «ግንኙነቱን አቋርጥ» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ሲልክ ተገኘ። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ይህን ለመፈተን የመረጡት ፋይል የተሰረቀ ፊልም ሳይሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነበር፤ እርሱም ታገደ። ኩባንያው መጀመሪያ ካደ፤ ኋላም «መንገዱን ለሁሉ ለማስተካከል ነው» አለ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 አድራጎቱን እንዲያቆም አዘዘው፤ በ2010 ግን ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ለዚህ ሥልጣን የለውም ብሎ ትእዛዙን ሻረ። የካናዳ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 ሻጮች እንዲህ ያለውን ገደብ አስቀድመው ለደንበኛው እንዲገልጹ ደነገገ። የአውሮጳ ኅብረትም በ2015 ባወጣው ደንብ ሻጮች ሁሉንም መልእክት በእኩል ዓይን እንዲያዩ አዘዘ።

በሻጮቹም በኩል የሚነገር እውነት እንዳለ አንክድም። ጥቂት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ በሚያወርዱት ፊልም ምክንያት የጎረቤት የቪዲዮ ትምህርት ቢቆራረጥ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን በመጨናነቅ ሰዓት ሁሉንም እኩል ማዘግየት አንድ ነገር ነው፤ ጆንያ እየፈቱ «ያንተን አልወደድሁትም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በስውር ማድረጉ ነው። በኬላ ቀረጥ ከተጠየቀ፥ ተመኑ በአደባባይ ይነገር።

በሀገራችን

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ በ1997። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 2022 ድረስ ለሕዝብ ኢንተርኔት የሚያቀርበው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ሻጭ አንድ ብቻ በሆነበት ገበያ ደንበኛ «አልፈልግም፥ ሌላ ዘንድ እሄዳለሁ» ማለት አይችልም።

በእኛ ዘንድ የኬላው ወሬ ከቢትቶረንት ይልቅ በሌላ መልክ ታይቷል። የቶር ፕሮጀክት ባለሙያዎች በ2012 በኢትዮጵያ ጆንያ ፈትቶ የሚፈትሽ መሣሪያ ሥራ ላይ መዋሉን አስታወቁ። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ከወጣ በኋላ ድጋሚው ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ፤ በ2019ም በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለበት ሰሞን፥ በ2020፥ ሀገሩ በሙሉ ለሳምንታት ያለ ኢንተርኔት ቆየ። በ2023 ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፥ ዩቲዩብ፥ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው ነበር።

ለእኛ ለተማሪዎች የመጨረሻው ብዙ ያስተምረናል። ቴሌግራም ለኢትዮጵያ ተማሪ መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ፥ የመምህሩ ማስታወሻ፥ ያለፈ ዓመት ፈተና የሚገኝበት የፋይል ጎተራ ነው። በእነዚያ ወራት ሌላው ድረ ገጽ ሲከፈት ቴሌግራም አልከፈትም አለ፤ ቪ.ፒ.ኤን. የተባለውን መሸፈኛ የተጠቀመ ሰው ግን በዚያው ሽቦ፥ በዚያው ሰዓት ገባ። መንገዱ ጠቦ ቢሆን ኖሮ መሸፈኛ አያሰፋውም ነበር። እንግዲህ መለያው ይህ ነው።

እንዴት እንለየው?

ፈተናው ቀላል ነው፤ የሚፈልገው ትዕግሥትና ደብተር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት፤ ዋይፋይ በግንብና በጎረቤት ይረበሻልና። ሁለተኛ፥ ለሰባት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ፥ ማለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት፥ ከቀኑ 6 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ፍጥነቱን እየለኩ መጻፍ። ሦስተኛ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩ ልዩ ነገሮችን፥ አንድ ተራ ድረ ገጽ፥ አንድ ቪዲዮና አንድ የደቦ ፋይል ማወዳደር። አራተኛ፥ የዘገየውን ነገር በቪ.ፒ.ኤን. ደግሞ መሞከር።

ሌሊት ፈጥኖ ማታ ሁሉም ነገር አብሮ ከዘገየ፥ ነገሩ መጨናነቅ ነው። ሌሊትም ቀንም ሁሉም ነገር እኩል ከዘገየ፥ ሽቦው ወይም ሞደሙ ታሟል፤ ወይም የገዛነው ፍጥነት ያው ነው። በወሩ መጀመሪያ ፈጥኖ ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ድንገት ከወደቀ፥ ውሉን እናንብብ፤ ገደቡ በዚያ ተጽፎ ይሆናል። አንዱ ዓይነት ብቻ በየሰዓቱ ዘግይቶ በመሸፈኛ ውስጥ ግን ከፈጠነ፥ ያን ጊዜ ኬላ አለ ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር እንችላለን። ቪ.ፒ.ኤን. ራሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ፥ በእርሱ ውስጥ መፍጠን ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በእርሱ ውስጥ መዝገየት ግን ምንም አያስረዳም።

ለምን ግድ ይለናል?

ጉዳዩ የፊልም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላባከንን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ የምርምር ጽሑፍ ካላገኘ ይዘገያል። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የአውሮጳ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ መሆኑ፥ የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ ተመልክቶ መቅረብ አለበት፤ ከ4 ሔክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ ይጠየቃል። የሕጉ መፈጸሚያ ጊዜ ተራዘመ እንጂ ሕጉ አልቀረም። አብዛኛው የጅማ ገበሬ ማሳው ትንሽ ነው፤ የአንዱ መረጃም ቀላል ነው፤ የሺህ ገበሬዎች መረጃ ግን ከየቡ ወይም ከጪራ ተልኮ መድረስ አለበት። ይህም ያ ችላ የተባለው የመላኪያ አቅጣጫ ነው። ቡናው ደርሶ ማስረጃው መንገድ ላይ ቢቀር ገበሬው ምን ይበጀዋል?

ስለዚህ በእጃችን ያለውን እንሥራ። አንድ ፋይል መቶ ጊዜ ከባሕር ማዶ ከማምጣት አንዱ አምጥቶ በግቢው የውስጥ መሥመር ለመቶው ያካፍል፤ ይህ ደቦ ከጅቡቲ መንገድ ላይ አንዲት ሜጋቢት አይሻማም። የተማሪዎች ማኅበርም ከየቤቱ የሰባት ቀን ደብተር ይሰብስብ። በ2019 በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኛን መብት የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ ወደ እርሱ ሐሜት ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ሁለት መቶ ደብተር ይዞ የሚሄድ ማኅበር ግን መልስ ሳይሰጡት በቀላሉ አይሸኙትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!