ቅኝትን መቆለፍ፦ የኤሌክትሪክ ጊታር ትሬሞሎና ነት የተለወጡበት መንገድ
(የሕዝብ ገለጻ ጽሑፍ)



ገለጻዬን ከጊታር ሳይሆን ከክራር ልጀምር። በቦሌ የባህል ምግብ ቤቶች መድረክ ላይ ክራር ተጫዋቹን ያስተዋለ ሰው፣ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር እጁ አስቀድሞ ወደ ቀንበሩ እንደሚሄድ ያውቃል። መቃኛውን ያዞራል፣ ክሩን በስሱ ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ያዞራል። በቋንቋችን «ቅኝት» የሚለው አንድ ቃል የክሩን አወጣጠርም የዜማውን ሥርዓትም የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ለክራር ተጫዋች ሁለቱ አንድ ናቸው።

በዚያው መድረክ የቆመው የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ጭንቀት ተቃራኒ ነው። እርሱ የሚፈልገው ቅኝቱ ከቶ እንዳይነቃነቅ ነው። የዛሬው ጥያቄያችንም ከዚህ ይነሣል፦ ክርን እንዳይላላ አድርጎ መቆለፍ ምን ያስገኛል? ምንስ ያሳጣል?

በመጀመሪያ ነገሩን በፊዚክስ እንመልከት። የአንድ ክር የድምፅ ድግግሞሽ ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። ድምፁን በአንድ ሰሚቶን ከፍ ለማድረግ ውጥረቱን በ12 በመቶ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ሰሚቶኑን ለ100 ሴንት ብንከፍለው፣ የ1 በመቶ የውጥረት ለውጥ ወደ 9 ሴንት የሚጠጋ ልዩነት ይፈጥራል፤ ይህን የሠለጠነ ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል። የስድስቱ ክሮች ጠቅላላ ውጥረት እንደ ክሮቹ ውፍረት ወደ 40 ኪሎግራም ክብደት ይጠጋል። እንግዲህ የጊታር ቅኝት ማለት ይህን ያህል ጉልበት ከመቶ አንድ እጅ ባነሰ ስሕተት ጠብቆ መያዝ ነው።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ላይ የገጠመው ትሬሞሎ ይህን ሚዛን ሆን ብሎ የሚያናጋ መሣሪያ ነበር። ስሙ ራሱ ስሕተት አለበት፤ ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት መዋዠቅ ሲሆን፣ መሣሪያው የሚያዋዥቀው ግን የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ነው፤ ትክክለኛው መጠሪያ ቪብራቶ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ብሪጁ በስድስት ብሎኖች ላይ ይወዛወዛል፤ ከፊት ክሮቹ ይስቡታል፣ ከጀርባ ሞላዎች ይስቡታል። ዘንጉ ሲጫን ክሮቹ ይላላሉ፤ ሲለቀቅ ሞላዎቹ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

ችግሩ ክሮቹ በትክክል ወደነበሩበት አለመመለሳቸው ነው። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በቦዮቿ የሚያልፉባት ትንሽ ድጋፍ ነት ትባላለች። ዘንጉ ሲጫን የላላው ክር በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ሲመለስ ግን ሰበቃ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ከነቷ ወዲህ ያለው የክሩ ክፍል ውጥረትና ከነቷ ወዲያ፣ እስከ መቃኛው ድረስ ያለው ውጥረት ይለያያሉ። በመቃኛው ላይ የተጠመጠመው ክርም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ማግስት ፍሎይድ ሮዝ የተባለ ጊታር ተጫዋችና ጌጣጌጥ ሠሪ መፍትሔውን አገኘ። ሰበቃውን ከመቀነስ ይልቅ መንሸራተቱን ጨርሶ ከለከለው። በብሎን የሚጠብቅ መቆለፊያ ያለው ነት ሠራ። ናሱ ቶሎ ስለሚጎዳ በጠነከረ ብረት ተተካ። በብሪጁም በኩል ክሮቹ ተቆለፉ፤ ብሪጁም በሁለት ምሰሶዎች ላይ እንደ ቢላ በሰላ ጠርዝ ብቻ እንዲያርፍ ተደረገ። የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ተመዘገበ።

ነገር ግን አንድ መፍትሔ ሌላ ችግር ወለደ። ነቷ ከተቆለፈች በኋላ በአንገቱ ራስ ላይ ያሉት መቃኛዎች ዋጋ የላቸውም፤ ማዞር ከነቷ ወዲህ ያለውን ክር አይነካውምና። ስለዚህ ቀጥሎ በብሪጁ ላይ ትንንሽ የማስተካከያ ብሎኖች ተጨመሩ። እነዚህ ጥቂት ያስተካክላሉ እንጂ ከቅኝት ወደ ቅኝት አያሻግሩም። ለሰፊ ለውጥ ባለ ስድስት ጎን መፍቻ አንሥቶ መቆለፊያውን መፍታት ግድ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ሚዛኑ ነው። ብሪጁ በክሮቹና በሞላዎቹ መካከል ተንሳፍፎ ስለሚኖር፣ አንድ ክር ቢበጠስ ሞላዎቹ ያይላሉ፤ የቀሩት አምስቱ ክሮች በአንድ ጊዜ ከፍ ይላሉ። ቋሚ ብሪጅ ባለው ጊታር ላይ አንድ ክር የተበጠሰበት ሰው ዘፈኑን ይጨርሳል፤ ተንሳፋፊ ብሪጅ ያለው ግን ያቆማል።

ሦስተኛው የአየራችን ጉዳይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጊታር አንገት እንጨት በበጋው ደረቅ አየር ይደርቃል፣ በክረምቱ ዝናብ እርጥበት ይስባል፤ በዚህም ይጎብጣል ወይም ይቃናል። መቆለፊያው ክሩን ይይዛል፤ እንጨቱን ግን አይዝም።

በዚህ ምክንያት የኋለኞቹ ንድፎች መካከለኛ መንገድ መረጡ። በሁለት ምሰሶዎች ላይ የሚወዛወዘውን ብሪጅ ወሰዱ፤ መቆለፊያውን ከነቷ ወደ መቃኛው አዛወሩ፤ ነቷንም በሚሽከረከር ወይም ሰበቃው አነስተኛ በሆነ ቁስ ሠሩ። ክሩ በመቃኛው ላይ አይንሸራተትም፣ በነቷ ላይም አይያዝም፤ ተጫዋቹ ግን እንደ ወትሮው ይቃኛል።

ወደ ክራሩ እንመለስ። በጨርቅ ወይም በቆዳ ቀለበት በቀንበሩ ላይ የሚጠመጠመው ጥንታዊ መቃኛ ክሩን የሚይዘው በሰበቃ ነው። ለጊታር ጠላት የሆነው ሰበቃ ለክራር መያዣ ነው። ዛሬ ብዙ ክራሮች የጊታር መቃኛ ተገጥሞላቸዋል። ይህ ለውጥ ክሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን አይቆልፍም፤ የተጫዋቹ እጅ አሁንም ወደ ቀንበሩ መሄድ ይችላል። በእኔ አስተያየት ክራሩ ከጊታሩ የወሰደው ትክክለኛውን ክፍል ነው።

የንድፍ ለውጥ ችግርን ብዙ ጊዜ አያጠፋም፤ ቦታውን ይለውጣል። ጊታር ልትገዙ የምትሄዱ ተማሪዎች «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ ቅኝት እለውጣለሁ? ዘንጉንስ ስንት ጊዜ እጫናለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለም ሱቁ ውስጥ ጊታሩን ቃኙት፣ ዘንጉን አሥር ጊዜ ተጫኑት፣ ከዚያም በስልካችሁ መቃኛ እያንዳንዱ ክር በስንት ሴንት እንደተዛባ መዝግቡ። ከሻጩ ቃል ይልቅ ያ ቁጥር እውነቱን ይነግራችኋል።