ለጆሹዋ ቤል የቆሙት 7 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ለምን?

አርብ ጥር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን ዲሲ። ጧት 1 ሰዓት ከ51 ላይ ላንፋንት ፕላዛ በሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ቫዮሊኑን አውጥቶ መጫወት ጀመረ። 43 ደቂቃ ተጫወተ። 1,097 ሰው በአጠገቡ አለፈ። ቆም ብለው ያዳመጡት ግን 7 ብቻ ናቸው።

ሰውዬው ጆሹዋ ቤል ነው፤ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ቫዮሊኒስቶች አንዱ! ከሶስት ቀን በፊት ቦስተን ሲጫወት ደህና ወንበር 100 ዶላር ገደማ ነበር። ቫዮሊኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1713 የተሰራ ስትራዲቫሪየስ ነው። ጣቢያው ላይ ያገኘው? 32 ዶላር ከ17 ሳንቲም (ማንነቱን ያወቀች አንዲት ሴት የሰጠችው 20 ዶላር ሳይቆጠር)። ሙከራውን ያዘጋጀው ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ነው።

ብዙዎች ታሪኩን "ሰው ጥበብ አይገባውም" ብለው ሼር ያደርጉታል። እኛ አልተዋጠልንም። የከፈተበት የባኽ ሥራ፣ ቻኮን፣ ብቻውን 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አንድ አጭር ሐሳብ እየተለዋወጠ ቀስ በቀስ ነው የሚያድገው። ሥራ የረፈደበት ሰው የሚሰማው አንዱን ቁራጭ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ስልክ ይጠፋል፣ በክፍሎቹ መሀል እንኳ አይጨበጨብም። ቲኬቱ ጸጥታውንም ይጨምራል ማለት ነው። እውነቱን እንናገር፣ እኛም ብንሆን ቪዲዮ ቀርፀን ነበር የምንሄደው።

የከነከነን የህጻናቱ ነገር ነው። በዚያ ያለፈ ህጻን ሁሉ ቆሞ ሊያይ ሞክሯል። ወላጆቻቸው እየጎተቱ ወሰዷቸው።

በመስከረም 2007 ዓ.ም. ቤል እዚያው ከተማ ዩኒየን ስቴሽን ተመልሶ ተጫወተ። አስቀድሞ ተነግሮ ስለነበር ቦታው ጢም ብሎ ሞላ።