የስጡ ባለቤት

የቆሼ በርበሬ ገዢ ከማዳበሪያው አንድ ዛላ መዘዝ ያደርግና ጆሮው አጠገብ ያንቀጫቅጨዋል። የደረቀ ከሆነ ዘሩ ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ በጣቶቹ ያጥፈዋል፤ እንደ ቆዳ ከተጣጠፈ እርጥበት አለው፣ ቀጭ ካለ ደርቋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዋጋ መነጋገር ይጀምራል። ለውጭ ገበያ የሚገዛ ሰው ግን ገና አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ዛላውን ከአንገቱ ሰብሮ ሆዱን ማየት። ላዩ ደም የመሰለ ዛላ ሲከፈት ግድግዳው ግራጫ ሻጋታ ለብሶ፣ ዘሩ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዛላ እዚሁ ሳያየው የላከ ነጋዴ፣ አንድ ወር ቆይቶ ከሩቅ ወደብ በሚመጣ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ያየዋል።

ቆሼ የማረቆ ዋና ከተማ ናት፤ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። ማረቆን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ከበርበሬ ጋር ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመት ድልህና በርበሬ የምታዘጋጅ እናት መርካቶ ስትወርድ «የማረቆ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። «ማረቆ ፋና» የተባለው የታወቀ ዝርያም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ዛላው ወፈር ያለ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ቃጠሎው ደግሞ ልከኛ ነው። ከበርበሬ ቀለምና ቃና ጨምቆ ኦሊዮሬዚን የተባለውን ወፍራም ዘይት የሚያወጣው የአገራችን ፋብሪካም ይህን ዝርያ የመረጠው ለቀለሙ ነው። ከማረቆ ፋና በኋላ ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል መልካ ዛላ፣ መልካ አዋዜና መልካ ሾጤ ወጥተዋል፤ ገበያው ግን ዛሬም የሚጠራው ማረቆን ነው።

ችግሩም ከዚሁ ስም ይጀምራል። ስሙ ስለሚሸጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ዛላም የማረቆ ተብሎ ይሸጣል። ከገበሬው ማሳ የወጣ በርበሬ ወደ ቀበሌው ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ወደ ቆሼ ወይም ቡታጅራ ነጋዴ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ወደ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ይሄዳል። በየደረጃው የሃያ ቤት በርበሬ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። አሥራ ዘጠኙ ቤት በጥንቃቄ አድርቆ አንዱ ቸል ቢል፣ ሁሉም ተያይዞ ይወድቃል። ታማኝ አቅራቢ ፍለጋ በርበሬ በረንዳ ላይ የሚጀምር ላኪ የሚገዛው ይህን ድብልቅ ነው፤ ዋጋውን ሊከራከር ይችላል፣ የማን እንደሆነ ግን የሚነግረው አያገኝም።

ስለ ሻጋታው ትንሽ ላብራራ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። አስፐርጂለስ ከሚባለው የሻጋታ ወገን አንዳንዱ ዓይነት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። መርዙ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ብንቆላውም ብናስፈጨውም አይጠፋም፤ ለረጅም ጊዜ ሲበሉት ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል። የአውሮፓ ኅብረት በቅመም በርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በአንድ ኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዚህም ውስጥ ቢ1 የተባለው ዋነኛው ዓይነት ከ5 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። ጠቅላላው ለአንድ ቶን ሲሰላ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ የአንድ ሁለት ፍሬ የበርበሬ ዘር ክብደት። ኅብረቱ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገባን በርበሬና ሌላ ቅመም በዚሁ መርዝ ምክንያት ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ውስጥ አስገብቶታል። ይህን እንደ ጥላቻ የሚቆጥር ነጋዴ አጋጥሞኛል። እኔ ግን ያው በርበሬ እኛም ቤት፣ በልጆቻችን ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ሳስብ ቁጥጥሩ እዚህም ቢጠብቅ እመርጣለሁ።

መርዙ የሚገባው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከለቀማ እስከ ማዳበሪያ ባሉት ሳምንታት ነው። ማረቆ ውስጥ ችግኙ ክረምት ሲገባ ከመደብ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ዛላው የሚቀላው ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው። ለቀማው በዙር ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ዛላ ወፍራምና ቀለሙ ሙሉ ነው፣ የመጨረሻው ቡራቡሬ ይበዛዋል። የተለቀመው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስጡ ባዶ መሬት ላይ ከሆነ የአፈሩ እርጥበትና የሻጋታው ዘር ከሥር ይመጣል፤ ሌሊት ካልተሸፈነ ጤዛ ከላይ ይወርድበታል። ቀን የደረቀው ሌሊት ይርሳል፣ ይህ ሲደጋገም ሆዱ ይሻግታል። እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ማዳበሪያ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሌላም አለ፤ ውኃ መርጨት። በገበያ ዋዜማ ማታ ዛላው ላይ ውኃ ይረጫል። ሚዛን ለማንሳት ብቻ ተብሎ ይወራል፤ ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለው። በጣም የደረቀ ዛላ ሲጫንና ሲወርድ ይፈረካከሳል፣ የተፈረካከሰው ደግሞ በርካሽ ይሸጣል። ገበሬው በደንብ ስላደረቀ የሚቀጣ ከሆነ ለምን ያደርቃል? ደረቁን ዛላ ከእርጥቡ አስበልጦ የማይከፍል ላኪ ስለ ውኃው ገበሬውን የመውቀስ መብት ያለው አይመስለኝም።

ስለዚህ አቅራቢ የሚመረጠው በናሙና ብቻ አይደለም። ማዳበሪያው ሸራ ላይ ይገልበጥ፤ አናቱ ያማረ ማዳበሪያ እሆዱ ውስጥ ሌላ ሊይዝ ይችላል። የተፈጨ አይገዛ፤ ዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር መደባለቅ የታወቀ ወንጀል ነው፣ ዛላ ግን ተሰብሮ ይታያል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ነው። «እናቴ፣ ይሄ ስንተኛው ለቀማ ነው?» ተብላ «ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያውን ሸጫለሁ» ብላ በግልጽ የምትመልስ ሴት፣ ሁሉም አንደኛ ነው ከሚል ሰብሳቢ ትበልጣለች። በመጀመሪያው ዓመት ከሃያ ሠላሳ ቤት፣ ትንሽ ትንሽ፣ የየቤቱን ማዳበሪያ በስም ለይቶ መግዛት ይሻላል። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ የትኛው ቤት እንዳለፈ ይታወቃል። በሁለተኛው ዓመት ሸራውንና ማስጫ አልጋውን ለእነዚያ ቤቶች አስቀድሞ መስጠት ይቻላል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ እንዲህ ያለውን ስምምነት በጽሑፍ ለማሰር መንገድ ከፍቷል። ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ለሌላ መሸጡ፣ ዋጋ ሲወርድ ገዢው ስልኩን ማጥፋቱ የሁለቱም የቆየ ሕመም ነው። ወረቀቱ የሚጸናው ገዢው በወረደው ዓመትም ቆሼ ከታየ ነው።

ወደ ስሙ ልመለስና ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የታይላንዷ ሲሳኬት ክፍለ ሀገር በትንንሽ ቀይ ሽንኩርቷ ትታወቃለች፤ የእኛን የሐበሻ ሽንኩርት የመሰለ፣ በርበሬ ስንደልዝ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር የምንወቅጠውን ዓይነት። ስሙ ከቦታው ጋር በሕግ ስለተመዘገበ የሌላ ቦታ ሽንኩርት የሲሳኬት ተብሎ መሸጥ አይፈቀድም። የሽንኩርት ላኪ ታማኝ አቅራቢ ሲፈልግ ቢያንስ ከየትኛው መሬት እንደሚነሳ ያውቃል። የማረቆ ስምም እንዲህ ቢጠበቅለት የመጀመሪያ ተጠቃሚዋ ዛላውን በሸራ ላይ ያሰጣችው ሴት ትሆን ነበር።

እስከዚያው ቆሼ የሚወርድ ላኪ በኅዳር ይውረድ፤ ገበያውን ጠዋት አይቶ አይመለስ፣ እስከ ማታ ይቆይ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየግቢው አጥር አጠገብ ይለፍ። ጤዛ ሳይወርድ ስጡን የሚሰበስቡ እጆች ያሉበትን ግቢ ሲያይ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ይግባና ስማቸውን ይጠይቅ።