ጎርፉ ሳይደርስ የተቆረጠ ውሳኔ

የራያ ቆቦን ሜዳ በበጋ ለሚያየው ሰው እነ ሆርማትና ጎቡ ወንዝ ሳይሆኑ ሰፊ የአሸዋና የጠጠር መንገድ ይመስላሉ። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ዝናቡ ከምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ይወርዳል፣ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ብቻ ይደርሳል፤ ደረቁንም ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ይመጣል፣ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ለብዙ ገበሬ የዓመቱ ማሽላ በነዚያ ጥቂት ሰዓታት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህን ጎርፍ ወደ ማሳ የማስገባቱ ሥራ ጎርፍ ጠለፋ ይባላል፤ ወዳጆቼ፣ አሠራሩን ላስረዳችሁ በጣም ጓጉቻለሁ። ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ መሐል በሰያፍ የሚገባ የአፈር፣ የድንጋይና የቅርንጫፍ ክትር ይሠራል። ክትሩ ጎርፉን እንዲያቆም አይጠበቅበትም፤ ከፊሉን ገፍቶ ወደ ዋናው ቦይ ካስገባ ይበቃል። ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሾቹ፣ ከትናንሾቹ ዙሪያው በአፈር ወደ ታጠረ ማሳ ይፈስሳል። ውኃው ባዶውን አይመጣም፤ ከደጋው ያጠበውን ደለል ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። የሜዳው አፈር ጥልቅ ስለሆነ አንዴ ጠጥቶ ከጠገበ፣ ዝናብ ቢቋረጥ እንኳ ማሽላውን ለሳምንታት ያቆየዋል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጎርፉ በሌሊት ሲያጓራ ገበሬው አካፋውን ይዞ ይሮጣል እንጂ ቁጭ ብሎ የሚያወጣና የሚያወርደው ነገር የለውም። ቦዩ ከደለል የተጠረገው በደረቁ ወራት ነው። ክትሩ ተጠግኗል። ውኃው መጀመሪያ ለማን፣ ቀጥሎ ለማን እንደሚደርስ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መሪ መርጠው፣ ተከራክረው ጨርሰውታል። በዚያች ሌሊት የቀረው ማድረግ ብቻ ነው። ቦዩን ሳይጠርግ የከረመ ሰው ግን የቱንም ያህል ደፋር ቢሆን ጎርፉ ሲያልፍ ቆሞ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም።

እኛ ስለ ማመንታት ስናወራ የድፍረት ጉዳይ እናደርገዋለን፤ «ቆራጥ ሁን»፣ «አትፍራ» እንባባላለን። እኔ እንደማምነው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት ችግር ነው፤ አስቀድሞ መወሰን ያለበትን ነገር፣ ማድረግ በሚገባን ሰዓት ላይ ለመወሰን እንሞክራለን። ያ ሰዓት ደግሞ ድካም፣ ሥጋትና ስንፍና ተሰብስበው የሚጠብቁን ሰዓት ነው።

ይህን በጥናት የመረመረ ሰው አለ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ከቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ቀላል ነገር ጠየቀ፦ የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፋችሁ ዋዜማው ካለፈ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ ጽፋችሁ ላኩ። ግማሾቹ የት ቦታና በየትኛው ሰዓት እንደሚጽፉት አስቀድመው እንዲያስቀምጡ ተደረገ፤ የቀሩት ይህን አልተጠየቁም። ቦታና ሰዓት ከቆረጡት ሦስት አራተኛ ያህሉ በጊዜው ጽፈው ላኩ። ከቀሩት የላኩት ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። የሁለቱም ወገን ፍላጎት ያው ነበር። ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር ሆኖ 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምርም «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ ሰዎችን ወደ ግባቸው በጉልህ እንደሚያቀርብ ታየ።

አባባሉ በጣም ቀላል ስለሆነ እንዳትንቁት። «ዘንድሮ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» ምኞት ነው። «ማታ እራት ተነሥቶ እጄን ስታጠብ ደብተሬን አውጥቼ አንድ ገጽ አነባለሁ» ግን የተጠረገ ቦይ ነው። እጅ መታጠቡ ራሱ ምልክት ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት «ዛሬ ደስ ይለኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይነሣም።

የራያ ገበሬ ታዲያ ሁልጊዜ ይቸኩላል ማለቴ አይደለም፤ መጠበቅንም ጠንቅቆ ያውቃል። እንደ ደጋሌትና ጅጉርቴ ያሉት ዘግይተው የሚደርሱ የአገሬው ማሽሎች የሚዘሩት የበልጉ ዝናብ ሲቀና፣ ሚያዝያ አካባቢ ነው። ምርታቸው ብዙ ነው፤ አገዳቸውም ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይውላል፤ ስለዚህ የገበሬው የመጀመሪያ ምርጫ እነሱ ናቸው። ዝናቡ ካልመጣ ወይም ቡቃያው ከደረቀ፣ ማሳው ቶሎ ለሚደርስ ማሽላ ወይም ለጤፍ ይተላለፋል፤ ያ ደግሞ የሰኔና የሐምሌ ሥራ ነው። እሱም ካልሆነ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ በተረፈው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ይህ ገበሬ በሚያዝያ እጁን አጣጥፎ ብታዩት እያመነታ አይደለም፤ የሚጠብቀውን ያውቃል፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ያውቃል፣ ካልመጣም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ለራሳችሁ የምትጠይቁት ጥያቄም ከዚህ ይወጣል፦ «ምን እስኪሆን ነው የምጠብቀው?» «የመደብር ኪራይ እስኪጠራቀም፤ እስከ ጥር ካልሞላ ከጉልት እጀምራለሁ» የምትል ልጅ እየጠበቀች ነው፤ እንዳትነኳት። «ትንሽ ነገሮች እስኪስተካከሉ» የሚል ሰው ግን መልስ የለውም። የትኛው ነገር? መቼ? ካልተስተካከለስ?

በምዕራብ ኬንያ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለገበሬ ልጆች ሁሉ ቅርብ ነው። አስቴር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የማዳበሪያን ጥቅም በሠርቶ ማሳያ ካዩት ገበሬዎች ከ100ው 98 ያህሉ በሚቀጥለው ወቅት ማዳበሪያ እጠቀማለሁ ሲሉ፣ በተግባር የተጠቀሙት ግን 37 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ገንዘቡ የሚገኘው በአጨዳ ጊዜ ነው፤ ማዳበሪያው የሚፈለገው ከወራት በኋላ፤ በመካከሉ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የልጅ ልብስ አለ። ስለዚህ አጥኚዎቹ እህሉ እንደተሰበሰበ፣ ገንዘቡ ገና እጅ ላይ ሳለ፣ ገበሬው ከፍሎ ማዳበሪያው ቤቱ ድረስ በነፃ እንዲመጣለት አደረጉ። ይህች ትንሽ የጊዜ ለውጥ፣ ዘግይቶ ዋጋውን በግማሽ ከመቀነስ ጋር የሚቀራረብ ውጤት አመጣች። የቆቦ ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ስለ ሐምሌ መወሰን የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በቆቦ ላይ ሲመላለስ የቤት፣ የትምህርትና የንግድ ዕቅድ የተቀማው ሰው ብዙ ነው። እሱን «ስላመነታህ ነው» ማለት ነውር ነው። ማመንታት የሚባለው መንገዱ ክፍት ሆኖ እግር ሲቆም ብቻ ነው።

የመጨረሻው ወሬዬ ስለ ትልልቅ ግቦች ነው፤ ትልቅነታቸው ራሱ እጅ ያስራልና። ማሽላ አብቃይ ሁሉ የሚያውቀው ጠላት አቀንጭራ የሚባለው አረም ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ይተኛል፤ ከዚያም የማሽላውን ሥር ይዞ ይጠባል። በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ችግር ሲገጥሙ «አቀንጭራን እንዴት እናጥፋ?» ብለው አልጀመሩም። ችግሩን ከፋፈሉት፤ የተኛውን ዘር መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ነው። እንግዲያው ያን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ቢገኝስ? አገኙ፤ አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። ወደ አገራችን ከገቡት ዝርያዎች አንዱ አብሽር ይባላል፤ ሌላው ከቆቦ በስተደቡብ ካለችው ከተማ ጋር ስም የሚጋራው ጎብዬ ነው። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አዲሱ የማሽላ ዘር ማሳ ላይ ሲወርድ ግን ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። አቀንጭራ የሚበረታው አፈሩ በደከመበትና እርጥበት ባጠረበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሚቋቋመውን ዘር ከማዳበሪያ ጋር፣ በትልሙ ውስጥ ውኃ ከሚያቁር አስተራረስ ጋር አዋሕዶ ለገበሬ ማቅረብ ተጀመረ። ይህ ሁለተኛው ቁራጭ ነበር፤ ጥርት ብሎ የታየውም የመጀመሪያው ማሳ ላይ ከወረደ በኋላ ነው።