ደለል የያዘው መርዝ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን በእሳት ተያያዘ። ለማጥፊያ የተረጨው ውሃ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን እየጠረገ ራይን ወንዝ ውስጥ ከተታቸው። ወንዙ ቀላ፣ ዓሣው በገፍ አለቀ። እንዲህ ያለው አደጋ ዓለምን ያስደነግጣል፤ የዘወትሩ ብክለት ግን ድምፅ የለውም። እርሻ ላይ የተረጨውን ዝናብ ያጥበዋል፣ የመርጫው እጣቢ ወንዝ ዳር ይደፋል፣ ባዶው ጠርሙስ ቦይ ውስጥ ይጣላል።

ወንዝ የገባ ኬሚካል ዕጣው እንደ ጠባዩ ነው። በቆሎ ላይ የሚረጨው አትራዚን የተባለው ፀረ አረም በውሃ ስለሚሟሟ ከወንዙ ጋር ይነጉዳል፤ ሰርጎም ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። ዲዲቲ ግን ውሃ አይስማማውም፤ ከአፈር ቅንጣትና ከብስባሽ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ፓይረትሮይድ የሚባሉት የነፍሳት ማጥፊያዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ከላይ የተቀዳው ውሃ ተመርምሮ ምንም ሳይገኝበት ሥሩ ያለው ጭቃ መርዝ አቁሮ ሊሆን ይችላል። ጭቃውን ትል ይበላዋል፣ ትሉን ዓሣ፣ ዓሣውን ሰው። ውሃ ብቻ ቀድቶ ወንዙ ደህና ነው ማለት ችኮላ ነው።

ይህን እንደ ጄምስ ወንዝ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ጥቂት ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሆፕዌል ከተማ ኬፖን የተባለ ፀረ ተባይ ያመርት የነበረ ፋብሪካ ሠራተኞቹን መንቀጥቀጥ ይዟቸው በ1975 ተዘጋ። ዝቃጩ ግን በከተማው ፍሳሽ በኩል ወንዝ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ አገረ ገዥው ሚልስ ጎድዊን ወንዙ ላይ ዓሣ ማስገር ከለከሉ፤ የመጨረሻው ክልከላ እስኪነሳ 1988 ደረሰ። ደለሉን ጠርጎ ማውጣት ቢታሰብም ወጪው በቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሆነ፤ ቁፋሮው ራሱም የተኛውን መርዝ ይቀሰቅሳል። ተተወ። ከዓመት ዓመት የሚመጣ ንጹህ ደለል አሮጌውን እየሸፈነው ሄደ። መፍትሔ ከተባለ መፍትሔው ይኸው ነበር፦ እስኪቀበር መጠበቅ።

ያው ኬሚካል ክሎርዴኮን በሚለው ስሙ በፈረንሳይ ሥር ባሉት ማርቲኒክና ጓድሎፕ ደሴቶች ላይ ከ1972 እስከ 1993 ለሙዝ ነቀዝ ተረጭቷል። ፈረንሳይ በ1990 ከከለከለችው በኋላ እንኳ ለሙዝ አምራቾች የተለየ ፈቃድ ሰጥታ ነበር፤ ይቅርታ የሚገባው ውሳኔ አይደለም። ዛሬ ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑት አዋቂ ነዋሪዎች ደም ውስጥ ይገኛል። አፈሩም ወደ ወንዙና ወደ ባሕሩ ማፍሰሱን አላቆመም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ ስምጥ ሸለቆ የጉዳዩ እምብርት ነው። መቂና ቀታር ወንዞች ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ዳርቻው በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ በአበባ እርሻም የተሞላ ነው። ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ በዝዋይ ዓሦች ውስጥ ተገኝቷል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደለል ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያንኑ አግኝተዋል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የፀረ ተባይ ምዝገባንና ቁጥጥርን ደንግጓል፤ ሐይቁ ሥር ያለው ግን ከአዋጁ በፊት የተከማቸውንም ይጨምራል።