በትቢያ ስለ ተሰወረው ብርሃን

ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር የለም ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን የሰማይ መርማሪዎች ሥራ እንደሚያስረዳው፥ ከሰማይ ብርሃን ብዙው ለዓይን የተሰወረ ነው።

ጋላክሲ የሚባለው የከዋክብት ማኅበር ከሌላው ጋር በተጋጨ ጊዜ፥ ደመናው ተጨምቆ አዳዲስ ከዋክብት በብዛት ይወለዳሉ። ዳሩ ግን የሚወለዱበት ስፍራ በትቢያ የተሸፈነ ስለ ሆነ ብርሃናቸው ለዓይን አይደርስም። ትቢያው ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጅን ለተሠራው ሃይድሮክሲል ለሚባለው ሞለኪውል ኃይል ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ 18 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው የራዲዮ ሞገድ በመካከላቸው ሲያልፍ፥ ሞለኪውሎቹ ያንኑ የመሰለ ሞገድ ይጨምሩበታል። በትንሣኤ ሌሊት ከአንድ ጧፍ ብዙ ጧፍ ተለኩሶ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚበራ፥ ደካማው ሞገድም እንዲሁ እየበረታ ይሄዳል። ይህም ሜዘር ይባላል፤ ትቢያም አያግደውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ሊቃውንት ምድር ባለችበት ጋላክሲ ውስጥ ይህን ሞገድ ባገኙ ጊዜ፥ ምንጩን ስላላወቁ ሚስቴሪየም አሉት፤ ምሥጢር ማለት ነው። ሳይታክቱ በመመርመራቸው ግን ምሥጢሩ ተገለጠ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ በፖርቶ ሪኮ የነበረው 305 ሜትር ስፋት ያለው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ፥ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ከሚርቀው አርፕ 220 ከሚባለው ጋላክሲ ከቀድሞዎቹ ሚሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ሜዘር አገኘ። ሁለት ጋላክሲዎች በሚዋሐዱበት በዚያ ስፍራ ዓይን የሚያየው ትቢያውን ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል ያገለገለው መሣሪያ ዕድሜው እየገፋ ሄደ። በ2020 ዓ.ም. ከበላዩ የተንጠለጠለውን 900 ቶን የያዙት የብረት ገመዶች አንድ በአንድ ከዱት፤ በታኅሣሥ መባቻም ሁሉም በሳህኑ ላይ ወደቀ። የ57 ዓመት ሥራ በጥቂት ሰከንዶች አለቀ።

ምርመራው ግን አልቆመም። በደቡብ አፍሪካ የካሩ በረሃ 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት የተባለው ቴሌስኮፕ፥ 5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ተጉዞ የመጣ ሜዘር እንዳገኘ በ2022 ዓ.ም. ተነገረ። ስሙንም በዙሉ ቋንቋ ንካላካታ፥ ታላቅ አለቃ አሉት።

እንግዲህ የተሰወረውን ለማወቅ ብልሃት ያስፈልጋል፤ ብልሃቱም በመሣሪያ ይፈጸማል። መሣሪያን አሠርቶ መመረቅ ክብር ነው፤ ገመዱን በየጊዜው መመርመር ግን ከዚያ የማያንስ ሥራ ነው። ጠባቂ ያጣ መሣሪያ ሲወድቅ፥ ዐይተውበት የነበረው ሰማይ ተመልሶ ይሰወራልና።